በባዶ ኪስ አራዳን መጎብኘት



«የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል» ይላሉ አበው። አራዳንና ፒያሳን በየቀኑ የምንረግጥ ተማሪዎች ስንት ነገር ሳናስተውል እንደምናልፍ ሳስብ፣ ይህ ተረት ስለ እኛ የተነገረ ይመስለኛል። የሩቅ አገር ጎብኚ ካርታ ይዞና ብዙ ገንዘብ ከፍሎ መጥቶ የሚመለከተውን፣ እኛ ደብተራችንን በብብታችን ይዘን ታክሲ ለመሻማት ስንሮጥ በአጠገቡ እናልፋለን።

ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ሌላ ምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ከክፍል ጓደኞቻችን ብዙዎቹ ከቤተ ሰቦቻቸው ጋር ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል። ትምህርት ቤታቸውን ግን አልለቀቁም። ጠዋት በጨለማ ተነሥተው ይመጣሉ። ከሰዓት በኋላም ታናሽ ወንድም ወይም እኅት እስክትወጣ፣ ወይም የአውቶቡሱ ሰልፍ እስኪቀል ድረስ፣ አንድም ሁለትም ሰዓት የሚቆዩበት ቦታ ይፈልጋሉ። ቀድሞ ደወል ሲደወል ከቤታቸው ለመድረስ አምስት ደቂቃ ይበቃቸው ነበር። አሁን በኪሳቸው ያለው የመመለሻ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ሻይ ቢጠጡበት መመለሻ ያጣሉ። ታዲያ ሳንቲም ሳያወጡ በዚህ አካባቢ ጊዜን በቁም ነገር ማሳለፍ ይቻላልን? ይቻላል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በዚህ ዓመት በየቅዳሜውና ከትምህርት በኋላ እየዞርን ያየነውን ከዚህ ቀጥዬ አቀርባለሁ። ዋጋ የሚጠየቅበት ቦታ ሲያጋጥም በግልጽ እናገራለሁ፤ ሌላው ሁሉ በነጻ የሚገኝ ነው።

ስለ አራዳና ስለ ፒያሳ ባጭሩ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ቤተ መንግሥቱ በአንድ ኮረብታ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና ገበያው ደግሞ በሌላው ኮረብታ ሆኑ። ይህ ሁለተኛው ኮረብታ አራዳ ነው። እህሉም፣ ከብቱም፣ ጨርቁም፣ ወሬውም በአራዳ ገበያ ይገኝ ነበር። ከተማውን ይጠብቁ የነበሩት ሰዎችም «የአራዳ ዘበኛ» ይባሉ ነበር። ብልጥና ንቁ የሆነውን ሰው ዛሬም «የአራዳ ልጅ» የምንለው የከተማው ልብ በዚህ ስለነበረ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚሁ አካባቢ ነው፤ የመጀመሪያው ሆቴልም፣ ማለት የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ የተከፈተው በዚሁ ነው።

ጣሊያን ከተማውን በያዘ ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ «መርካቶ» አለው። አራዳን ለአውሮፓውያን አደረገና አደባባዩን በቋንቋው «ፒያሳ» ብሎ ጠራው። ጠላት በአምስት ዓመት ውስጥ ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ። እንግዲህ «ፒያሳ እንገናኝ» በምንልበት ጊዜ ሁሉ ሳናውቀው አንድ የታሪክ ምዕራፍ በአፋችን እናነሣለን።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ

ጉዞውን ከገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ መጀመር ይሻላል። ወደ ግቢው መግባት፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር መቀመጥና ቅዳሴ መስማት ምንም ዋጋ አያስከፍልም። በግቢው ያለው ቤተ መዘክር ግን መግቢያ ይጠይቃል።

ሕንጻውን በዝግታ መዞር ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ክብ ይመስለናል፤ ስንቆጥረው ስምንት ማዕዘን ሆኖ እናገኘዋለን። የሕንጻው ነዳፊ ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነበርና፣ ከድሉ በኋላ ይህ ቤተ ክርስቲያን የዓድዋ መታሰቢያ ሆኖ ኖሯል። ጣሊያናዊ የነደፈው ቤት ጣሊያን ድል የሆነበት መታሰቢያ መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ደፍተዋል። በ1929 ዓ.ም. የየካቲት 12 ፍጅት በተፈጸመ ጊዜ ፋሽስቶች እሳት ለቀቁበት። ከነጻነት በኋላ ታድሶ፣ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በሥዕልና በቀለም መስታወት አስጊጠውታል።

በግቢው ጧፍ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ግድግዳውን እየዳሰስን ስናይ ጠሩን።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?»

«ምንም አልጠፋብንም እማማ፤ ማዕዘኑን እየቆጠርን ነው።»

«እሰይ! እኔ አርባ ዓመት ስመላለስ እንኳ አንድ ቀን አልቆጠርሁትም» ብለው ሳቁ፤ ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው አብረውን ዞሩ። በየወሩ በ23 የሚመጣ ሰው ግቢው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ መዝሙሩና ከበሮው ሲሰማ ያገኛል። በዚያ ቀን የሚሄድ ጸጥታን ይጠብቅ፤ ሰው በጸሎት ላይ ሳለ ፎቶግራፍ ማንሣትም ነውር ነው። ከዚሁ ብዙ ሳይርቅ የኑር መስጊድ ስላለ፣ በጸጥታ የሚያዳምጥ ሰው የደወሉንም የአዛኑንም ድምፅ በአንድ ቀን ይሰማል።

ሁለቱ ሐውልቶች

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣ ሲሉ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በፈረስ ላይ ናቸው፤ ፈረሱም የፊት እግሮቹን ወደ ላይ አንሥቷል። ያሠሩት ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው፤ ነገር ግን ምርቃቱን ሳያዩ ዐረፉ። ሐውልቱ የተገለጠው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በዘውዱ በዓል ዋዜማ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ይህን ሐውልት ከሥፍራው አስነቀለ። እስቲ እናስበው፤ ጠመንጃ የማይተኩስ፣ ቃል የማይናገር ሐውልት ለድል አድራጊ ነኝ ባይ ለምን አስፈራው? ዓድዋን ያስታውስ ስለነበር ነው። ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ወረድ ብለን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እናገኛለን። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙና ለጣሊያን እንዲገዙ ቢጠየቁ እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ይህም ሐውልት የራሱ ጉዞ አለው። በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ሲባል ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። የባቡሩ መሥመር በዚህ አካባቢ ከመሬት በታች በዋሻ ያልፋል። ስለዚህ በሐውልቱ አጠገብ ቆመን ከላይ ታሪኩን፣ ከታች ደግሞ ዘመናዊውን ሥራ ማሰብ እንችላለን።

እነዚህን ሁለት ሐውልቶች አንድ ላይ ሳያቸው የምረዳው ነገር አለ። ሁለቱም ከቦታቸው ተነሥተዋል፤ ሁለቱም ተመልሰዋል። አንዱን ያነሣው ጠላት ነው፤ ሁለተኛውን ያነሣነው እኛው ነን። የተመለሱት ግን ሰው ስለ እነርሱ ያውቅ ስለነበር፣ ባያያቸውም ይጠይቅ ስለነበር ነው። ማንም የማያውቀው ነገር ቢነሣ «የት ደረሰ?» የሚል አይገኝም።

ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ

ሰዓት ያለበት ከፍተኛ ግንብ የተሠራለት ማዘጋጃ ቤት በ1957 ዓ.ም. ተመረቀ። የነደፈው አርቱሮ ሜዘዲሚ፣ የአፍሪካን አዳራሽ የነደፈው ያው ሰው ነው። ከፊቱ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ከከተማው ሁሉ ካሉት ዕይታዎች አንዱን በነጻ ያገኛል። በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በዊንስተን ቸርችል ስም የተሰየመው ጎዳና ከእግር ሥር ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ለገሀር ይዘረጋል። በዚያ የአሮጌው የጅቡቲ ባቡር መጨረሻ የነበረው ጣቢያ አለ። አየሩ በጠራበት ቀን፣ በተለይም ከዝናብ በኋላ፣ ዕይታው እጅግ ያምራል።

ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይገኛል። ወደ ውስጥ ለመግባት ይከፈላል። ከውጭ ቆሞ ሕንጻውን ማየት ግን አይከለከልም። የለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም በ1759 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ጀምሮ ለሕዝብ በነጻ የሚታይ መሆኑን አንብቤአለሁ። በእኛም አገር ቢያንስ በየዓመቱ የካቲት 23 ተማሪዎች በነጻ የሚገቡበት ሥርዓት ቢኖር መልካም ነው እላለሁ። እስከዚያው ትምህርት ቤታችን በቡድን የሚወስደን ቢሆን ምስጋናችን ታላቅ ነው።

ሀገር ፍቅርና የቡናው ሽታ

ወደ ፒያሳ መሐል ስንመለስ የሀገር ፍቅር ቴያትርን እናስታውሳለን። ቴያትር ለማየት ትኬት መቁረጥ ግድ ነው። የአመሠራረቱን ታሪክ ማወቅ ግን ማንም አያስከፍልበትም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት ተቋቋመ። የጣሊያን ጦር ድንበራችንን የጣሰው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነውና፣ ማኅበሩ የተቋቋመው ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ አስቀድሞ ነበር። ዓላማውም ሕዝቡ ለአገሩ እንዲነሣ በንግግርና በዜማ መቀስቀስ ነበር። በኋላ ጥላሁን ገሠሠን የመሰሉ ድምፃውያን የወጡበት መድረክ መነሻው ይህ ነው።

ከዚህ አካባቢ ቡና የሚቆላ ቤት ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ሽታውን በነጻ ይወስዳል። ጓደኛዬ «ሲኒው የሀብታም፣ ሽታው የሁላችን ነው» ይላል። ከእርሱ ጋር እስማማለሁ።

ራስ መኮንን ድልድይና ወንዙ

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ ራስ መኮንን ድልድይን እንሻገራለን። ስሙ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባት የልዑል ራስ መኰንን ነው። በዓለም ላይ ብዙ ታላላቅ ከተሞች በወንዝ ዳር ተሠርተዋል፤ ሰዎቻቸውም በወንዛቸው ይኮራሉ። አዲስ አበባም የወንዞች ከተማ መሆኗን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ከእንጦጦ የሚነሡት ቀበናና ቀጨኔ፣ ሌሎችም ትናንሽ ወንዞች፣ ከተማውን ሰንጥቀው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ፣ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ይቀራል።

በድልድዩ ላይ ቆመን ወደ ታች ስንመለከት ያለን ዕድል ይህን መንገድ በሐሳብ መከተል ነው። የጣልነው የላስቲክ ከረጢት በዚህ አይቀርም፤ ከታች ያለ ገበሬ በዚያ ውኃ አትክልት ያጠጣል፣ አርብቶ አደርም ከብቱን ያጠጣል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ድምፁን መስማት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ወደ ዳሩ መውረድ አደገኛ ስለሆነ ታናናሾቻችን ከድልድዩ ላይ ብቻ እንዲያዩ እመክራለሁ።

በዚሁ አካባቢ የአርመኖች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን 40 የአርመን ልጆች አግኝተው፣ ወደ አገራችን አስመጥተው የሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደርሷል። አገር ያጡ ልጆች ለእኛ አገር መዝሙር ሲነፉ መኖራቸው የሚያስደንቅ ነው።

አራት ኪሎ

ዳገቱን ስንወጣ የሚያዝያ 27 ሐውልት ይቀበለናል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው የተመለሱት ልክ በአምስተኛው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። አንዱ ቀን የሐዘንም የደስታም ሆነ።

ከዚያ አልፎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዞ ላይ ለተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ይህ ነው። ገብቶ ለመቀመጥና ለማንበብ ክፍያ የለም። ዝናብ ቢመጣ ጥላ ነው፤ ፈተና ሲደርስ ጸጥታ ነው። ቤታቸው ሩቅ የሆነባቸው ጓደኞቻችን የቤት ሥራቸውን በዚያ ጨርሰው፣ ሰልፉ ሲቀል ወደ ቤታቸው መሄድ ይችላሉ። ከእነርሱ አንዷ በዚህ ዓመት የሒሳብ ውጤቷን ያሻሻለችው በመጓጓዣ ችግር ምክንያት ባገኘችው በዚሁ ቤተ መጻሕፍት መሆኑን ስትነግረን ሁላችንም ተገርመናል።

ሽማግሌዎችን መጠየቅ

እስካሁን የዘረዘርኋቸው በዓይን የሚታዩ ናቸው። በአራዳ ግን በጆሮ ብቻ የሚገኝ ሌላ ሀብት አለ፤ እርሱም የሰፈሮቹ ስም ነው። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች ይኖሩበት ስለነበር ነው ስሙን ያገኘው። እሪ በከንቱ ቢጮኹ ሰሚ የማይገኝበት ቦታ ነበር ይባላል። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ አሁን ስሙን የሚያስታውሰው የነዋሪዎቹ አፍ ነው።

በዚያ ሰፈር ለብዙ ዓመታት ልብስ ሰፊ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ዛሬ ከከተማው ዳርቻ ሆነው ለጊዮርጊስ ዕለት ይመጣሉ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ካለው መቀመጫ ላይ አጠገባቸው ተቀምጠን «አባባ፣ መንገዱ እንዴት ሆነልዎ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«መንገዱስ አማረ፤ ሌሊትም መብራት አለው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ግን የማን ቤት የት እንደነበር የማውቀው በእርምጃ ነበር። ከቧንቧው አሥራ ሁለት እርምጃ የእኔ መኪና ነበረች። አሁን ቧንቧው የለም፤ ከየት ልጀምር ልጄ?»

የልብስ ስፌት መኪናቸውን ማለታቸው ነው። ይህን ሰምቼ ያሰብሁት ብዙ ነው። መንገዱ መስፋቱ፣ መቀመጫው፣ መብራቱና ንጽሕናው ለእኛም ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ባለ ገንዘቡም ባለ ባዶ ኪሱም በእኩል ይቀመጥበታል። ነገር ግን ቤት ሲፈርስ ከቤቱ ጋር የሚሄድ እውቀት አለ፤ እርሱን የሚተካ ድንጋይ የለም። ያንን እውቀት ለማዳን የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ እርሳስ፣ አንድ ደብተርና ትዕግሥት ያለው ጆሮ ነው። ሽማግሌውም ሆኑ ጧፍ የሚሸጡት እናት ለነገሩን ሁሉ ሳንቲም አልጠየቁንም፤ እንዲያውም «ተመለሱ» አሉን።

ለጉዞው የሚጠቅም ምክር

ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ሳይቆሙ ቢሄዱበት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። እያዩና እየጻፉ ለሚሄዱ ሦስት ሰዓት መመደብ ይበቃል። ጠዋት ማለዳ ወይም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሄድ ፀሐይን ይከላከላል። በክረምት ጃንጥላ አይረሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ዳገቱ ያደክማል፤ ዝግ ብሎ መሄድ ነው። በሕዝብ መካከል ስልክን በእጅ ይዞ ማዘናጋት ሌባን መጋበዝ ስለሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለብቻ ከመሄድ ሁለት ሦስት ሆኖ መሄድ ይሻላል፤ ወላጆችም የት እንደሄድን አስቀድመው ይወቁ።

መደምደሚያ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ሰፈሩን የማያውቅ ልጅ ሰፈሩ ሲለወጥ ምን እንደተጨመረለትና ምን እንደተቀነሰበት መለየት አይችልም። ከላይ ያየናቸው ነገሮች ለእኛ ነጻ ይሁኑ እንጂ፣ አንዱ በአርበኞች ደም፣ ሁለተኛው በአንድ ጳጳስ ሕይወት፣ ሌላው በብዙ ሠራተኞች ላብ ተከፍሎባቸዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ዋጋ ማወቅና መጠበቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለክፍል ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዳችን በሚመጣው ክረምት አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ጠይቀን፣ አንድ የአራዳ ሰፈር ስም ከነትርጉሙና ከነቦታው በደብተራችን እንጻፍ። መምህሮቻችን እርማቱን ቢረዱን፣ ወላጆቻችንም የሚያስታውሱትን ቢጨምሩልን፣ የሚመጣው ዓመት መጽሔታችን የዚህን አካባቢ የስም መዝገብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ወደ ዳርቻ የሄዱት ጓደኞቻችን በዚህ ሥራ ከሁላችን ይቀድማሉ፤ ምክንያቱም ከቧንቧው ስንት እርምጃ እንደነበረ ገና አልረሱም።